የጓንዡ ብትን ጨርቅ ገበያ ለደብረ ብርሃን ነጋዴ

ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚሆን ወፍራም ብትን ጨርቅ ለሚፈልግ ነጋዴ፣ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ውስጥ የዦንግዳ ገበያ ምርጫው ያጠግባል። በሜትሮ 8ኛው መስመር ይኬዳል።

ሹራብ መሳዩ ጨርቅ ብዙ ጊዜ በኪሎ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት ወርዱንና የአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱን ይጠይቁ፤ ጨርቁ በወፈረ ቁጥር ከኪሎው የሚወጣው ሜትር ያንሳል። የናሙናውን ቁራጭ ሻጩን አስፈርመው ይያዙ። ጣቃዎቹ በተለያየ ጊዜ የተነከሩ ከሆኑ ቡኒው አንዱ ደመቅ፣ ሌላው ደብዘዝ ይላል፤ አንድ ኮት ላይ ሲገጣጠም ያስጠላል። ከመጫኑ በፊት እያንዳንዱን ጣቃ በቀን ብርሃን ገልጠው ከቁራጩ ጋር ያስተያዩ፤ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ሲያሹበት ቀለም ከለቀቀም ይመልሱት።

ማታ 600 ሜትር የሚረዝመውን የካንቶን ማማ ከወንዙ ዳር ሆነው ይዩት፤ መብራቱ ያምራል፣ ክፍያም የለውም።