ስንጥቁን ራሱ ያሳየኝ የክራር ሻጭ

ደብረ ብርሃን ሆኜ ያገለገለ ክራር ስፈልግ ያገኘሁት በቴሌግራም፣ አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ነው። 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን ዕቃ በፎቶ ማመን ይከብዳል። ለዚያውም እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። አምና "እንደ አዲስ ነው" ተብዬ የገዛሁት ኪቦርድ፣ ቤት ወስጄ ስሰካው አራት ቁልፎቹ ዝም አሉ። ሻጩ ብሎክ አደረገኝ።

ስለዚህ ይህኛውን በጥያቄ አጣደፍኩት። አልተሰላቸም። በቪዲዮ ስድስቱንም ክር አንድ በአንድ እየነካ አሰማኝ። ከዚያ ሳልጠይቀው ካሜራውን ወደ ላይኛው እንጨት አስጠጋና፣ "ወንድሜ፣ እዚህ ጋር ተሰንጥቆ በኮላ አስይዤዋለሁ። አይተህ ወስን" አለኝ። ስንጥቁ ከጥፍሬ አይረዝምም። ዝም ቢለኝ አላየውም ነበር። በዚያው 300 ብር ቀነሰልኝ።

በ3,200 ብር ተስማማን። ግማሹን ብቻ አስቀደምኩ። ከመናኸሪያ ተቀብዬ፣ ቤቴ ትዝታ ላይ ቃኝቼ ካየሁት በኋላ ቀሪውን በቴሌብር ላክሁ። እንዲህ እንዲሆን ያለው ሻጩ ነው።

ድምፁ ሞቅ ያለ ነው። በእርጥብ ሌሊት ቆዳው ስለሚላላ ጠዋት ጠዋት መልሼ እቃኛለሁ፤ ይህ የሻጩ ጥፋት አይደለም።

ቅር ያለኝ አስተሻሸጉ ነው። በስስ ፌስታል ብቻ ጠቅልሎ ስለላከው አንዱ መቃኛ ተሰብሮ ደረሰ። ፎቶ አንስቼ ነገርኩት። በሳምንቱ በራሱ ወጪ ሌላ ላከልኝ። የተሰነጠቀው ቦታ እስካሁን ንቅንቅ አላለም።