ልጆቻችንን ሱባ ደን ላስጎበኘልን ወንድማችን ምስጋና

ባለፈው ቅዳሜ ከመርካቶ 17 ልጆች ይዘን መናገሻ ሱባ ደን ሄደን ነበር። ይህን የምጽፈው የመራንን አስጎብኚ በአደባባይ ለማመስገን ነው። «ስሜን አትጻፊ» ስላለኝ አልጽፈውም።

ልጆቹ ከትምህርት መልስ ጫማ የሚጠርጉ፣ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞሩ፣ እናቶቻቸውን ጉልት ላይ የሚያግዙ ናቸው። ደኑ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከሰበታ አለፍ ብሎ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ቅርብ ነው፤ ግን የመኪና ኪራዩና የመግቢያው ገንዘብ ከየት ይምጣ? አምና ልጆቹን ይዘን የሄድንበት አንድ የጉዞ ድርጅት ገና ዋጋ ሳይነግረን ጫማቸውን አይቶ «ይህ ለእነሱ የሚሆን ጉዞ አይደለም» ብሎ መለሰን። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህ ሰው ግን ስደውልለት መጀመሪያ የጠየቀኝ «በእግሩ ለመሄድ የሚቸገር ልጅ አለ?» ብሎ ነው። አንዱ ልጃችን በክራንች ነው የሚሄደው። ከመኪና እንደወረድን ከፊት አቆመውና «ዛሬ መሪያችን አንተ ነህ፤ ማንም እንዳይቀድምህ» አለው። ሁሉም በእሱ እርምጃ ተጓዘ። ዝግ ብለን በመሄዳችንም ጉሬዛዎቹ ሳይሸሹ ከራሳችን በላይ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ አየን።

ንግግር አያበዛም፤ ይጠይቃል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እዚህ እንዳስዘሩ የሚነገረውን ያጫወታቸው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዱን ትልቅ ግንድ ካቀፉ በኋላ ነው። ቀጥሎ ሌላ ዛፍ ሥር ቆመና ምን እንደሆነ ጠየቀ። የመለሰ የለም። «ጋን ይታጠንበታል» ሲል እናቷ ጠላ ሸጣ የምታሳድጋት ልጅ «ወይራ!» ብላ ጮኸች። ጋኑን የምታጥነው እሷ ናት፤ ወይራን የምታውቀው ግን ተፈልጦ፣ በእስር ሲሸጥ ነው። ቅጠል ለብሶ ቆሞ አይታው አታውቅም። ቀርባ ቅርፊቱን በመዳፏ ስትዳስስ ሌሎቹን ዝም አሰኝቶ ጠበቃት።

ክፍያው አስቀድሞ የነገረን ነው፤ አንዲት ብር አልጨመረም። ልጆች ይዛችሁ መውጣት የምታስቡ መምህራን፣ ዕድሮች፣ የሰፈር ማኅበራት፣ ደኑ መግቢያ ላይ «ልጆችን የሚያስጎበኘው» ብላችሁ ጠይቁ። ክረምት ሳይገባ ሂዱ፣ መንገዱ ይጨቀያል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሹራብ ያዙ።

ወንድሜ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ያቺ ልጅ «እናቴን ይዤ እመጣለሁ በይልኝ» ብላሃለች።