«ሁሉንም ጌም ያጫውታል» ለሚባል ፒሲ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ጅማ ያላችሁ የጌም ወዳጆች፣ ቴሌግራም ላይ «ኮር አይ 7፣ 16 ጂቢ ራም፣ 4 ጂቢ ግራፊክስ፣ ፕሌስቴሽንን ያስንቃል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ቀብድ ከመላክ በፊት ይህን አንብቡ።

ቆጪ አካባቢ ያለ የሰፈራችን ልጅ ይህንኑ ገዝቶ መጣ። ሲበራ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፤ የሰርግ ድንኳን ነው የሚመስለው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ን ከፈተ። ፈረሱ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ቀጥ ይላል። እንደገና አንድ እርምጃ።

ጎኑን ፈታነው። አዲሱ ነገር ሳጥኑና መብራቱ ብቻ ነው። ውስጡ የድሮ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። አይ 7 የተባለው በፈረንጆቹ 2011 የወጣው 2600 ነው፤ የግራፊክስ ካርዱ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) ደግሞ ጂቲ 730።

ዋናው ማታለያ ያቺ «4 ጂቢ» ናት። የካርድ ጉልበት በጂቢ አይለካም። ሬድ ዴድ 2 ፒሲ ላይ ቢያንስ የሚጠይቀው ጂቲኤክስ 770 ባለ 2 ጂቢ ነው። በሜሞሪ የዚህኛው ግማሽ ነው፣ በጉልበት ግን ጂቲ 730 አጠገቡ አይደርስም። ባለ 64 ቢቱ ዲዲአር3 (ዝግተኛ የሜሞሪ ዓይነት) ጂቲ 730 ሜሞሪው በሰከንድ የሚያስተላልፈው 14.4 ጊጋባይት ገደማ ነው። በ2013 የወጣው ፕሌስቴሽን 4 ደግሞ 176 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ያንኑ ጌም የሚያጫውትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፕሌስቴሽን 5ን ተዉት፣ ለንጽጽርም አይቀርብም።

«በኋላ ካርዱን ትቀይረዋለህ» ይሏችኋል። በምን መብራት? ፓወር ሰፕላዩ (ለፒሲው ኃይል የሚሰጠው ክፍል) የቢሮ ነው፤ ለትልቅ ካርድ የሚሆነው ባለ 6 ፒን ገመድ እንኳን የለውም።

ፒሲ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ለትምህርትም ለጌምም ከሆነ፣ እውነተኛ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጂቢ ያለው ፒሲ ፕሌስቴሽን 4ን ይበልጣል። ለጌም ብቻ ከሆነ ግን ያገለገለ ኮንሶል ይሻላችኋል፤ ዲስክ ማንበቡን አይታችሁ ውሰዱ።

ሻጩን የካርዱን ሙሉ ስም ጠይቁት። ስሙም ሊዋሽ ይችላል፤ ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ ያለው ማንነቱን የሚናገር ሶፍትዌር) ተቀይሮ አሮጌ ካርድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ የሚልበት ጊዜ አለ። ጂፒዩ-ዚ የምትባል የካርዱን ማንነት የምታሳይ ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ብዙዎቹን ታጋልጣለች። ከዚያ የምትፈልጉትን ጌም ግማሽ ሰዓት ያጫውታችሁ፤ ሲግል የሚደክም አለ። «ጌም አልጫንኩም፣ ዳታ የለኝም» ካለ፣ ጌሙን በሃርድ ዲስክ ይዛችሁለት ሂዱ።