ካርቶኑ 14 ሰዓት ይላል፤ ኮዬ ፈጬ ላይ ስንት ሆነ?

በከተማዋ ዳርቻ የሚኖርና ሥራውን ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ላፕቶፕ ሲገዛ ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት አስቀድሞ የሚጠይቀው መብራት ከጠፋ በኋላ እስከ መቼ መሥራት እንደሚችል ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ ለሚኖር አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ በክረምትማ ጭራሹን። የእኔ ሥራ ሒሳብ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ላይ ሲዘጋ የደንበኞች ሰነድ በአንድ ጊዜ ይከመራል፣ ዝናቡም በዚያው ሰሞን ይበረታል። አዲስ በገዛሁት ላፕቶፕ ካርቶን ላይ «እስከ 14 ሰዓት የሚቆይ ባትሪ» የሚለውን ከሌላው መግለጫ ሁሉ አስበልጬ ያነበብኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሻጩም «ሙሉ ቀን ይይዝልዎታል» ብሎ አጽንቶልኛል። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ እዚህ የማነሣው ጉዳይ በአንድ ኩባንያ ምርት ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም።

ማሽኑ 14 ኢንች ስክሪን፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ እና ዊንዶውስ 11 አለው። ኪቦርዱ ለቁጥር ሥራ ደህና ነው፣ ድምፁ ደካማ ነው፣ ክብደቱም ታክሲ ውስጥ ጭን ላይ ይዘውት ቢሄዱ አያደክምም። ከዚህ በላይ ስለነዚህ የምለው የለኝም፤ ዋናው ነገር ባትሪው ነው።

ባትሪው የሚይዘው ኃይል 57 ዋት ሰዓት ነው። ይህ ቁጥር በማስታወቂያ ላይ ጎልቶ አይጻፍም፣ ነገር ግን ሌላውን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው፤ ላፕቶፑ በአማካይ በሚበላው ዋት ሲካፈል የሚቆይበትን ሰዓት ይሰጣል። ስለዚህ 57 ለ14 ሲካፈል በሚገኘው ስሌት መሠረት ካርቶኑ ቃል የገባው ላፕቶፑ ስክሪኑን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዋይፋዩን ሁሉ ይዞ በአማካይ ከ4 ዋት ብዙም እንደማይበላ ነው። ሳሎን ውስጥ የምንሰቅለው ተራ የኤልኢዲ አምፖል እንኳ ከዚህ እጥፍ ያህል ይበላል። 4 ዋት ሊደረስበት የማይችል ቁጥር አይደለም፤ ዛሬ የሚመረቱ ፕሮሰሰሮች ሥራ ሲፈቱ የሚበሉት እጅግ ጥቂት ነው። ችግሩ ሥራ የያዘ ሰው ላፕቶፕ ሥራ ፈት አለመሆኑ ነው።

አምራቾች ይህን ቁጥር የሚያገኙበት መንገድ የተደበቀ አይደለም፤ በመግለጫው ግርጌ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። አንዱ የተለመደ መንገድ ላፕቶፑ ውስጥ የተቀመጠ ቪዲዮን፣ የስክሪኑን ብርሃን ወደ 150 ኒት (ኒት የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) ዝቅ አድርጎ፣ ባትሪው እስኪያልቅ እየደጋገሙ ማጫወት ነው። ቪዲዮ ከባድ ሥራ ይመስላል፤ ለዛሬ ፕሮሰሰሮች ግን እረፍት ነው ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ቪዲዮውን የሚፈታው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ክፍል ሲሆን ኮር የሚባሉት የፕሮሰሰሩ ዋና የሥራ ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ያንቀላፋሉ። ሌላው መንገድ ሞባይልማርክ በሚባለው ፕሮግራም የቢሮ ሥራን እያስመሰሉ መለካት ነው፤ ይህኛው ለእውነተኛ አጠቃቀም ይቀርባል፣ የሚሰጠው ሰዓትም በአብዛኛው ያነሰ ነው። ሁለቱም ልኬቶች በአንድ የምርት መግለጫ ውስጥ ሲገኙ ካርቶኑ ላይ ጎልቶ የሚወጣው የትኛው እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ይህን ውሸት ማለት ይከብደኛል። ከገዢው ሕይወት ጋር የማይገናኝ እውነት ግን ነው።

በእኔ እጅ፣ ከፋብሪካ በመጣበት አቀማመጥ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪና ኤክሴል ተከፍተው፣ ብራውዘሩ ብዙ ታብ ይዞ፣ ቴሌግራምም ከኋላ እየሠራ፣ ላፕቶፑ ከ8 እስከ 9 ዋት ይበላ ነበር፤ ይህም ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ያህል ያቆያል፣ የማስታወቂያውን ግማሽ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውጤት ከዚህም ያነሰ ስለሆነ በእሱ መፍረድ ተገቢ አይደለም። አዲስ ላፕቶፕ ገና ኢንተርኔት እንዳገኘ አፕዴት ያወርዳል፣ ፋይሎችን ለፍለጋ ይመዘግባል፣ ፀረ ቫይረሱ ሁሉንም ይፈትሻል፤ ፋኑ ያለምክንያት ሲጮህ የሚሰማውም በዚህ ጊዜ ነው። ዳታ ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው ደግሞ አፕዴቱን በቁርጥራጭ ስለሚያወርድ ይህ ወቅት ይራዘምበታል። ላፕቶፑን አንድ ሌሊት መብራት ባለበት ሰክቶ፣ ጥሩ ዋይፋይ ካለበት ቦታ አፕዴቱን ጨርሶ መገላገል ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ስክሪኑ ነው። ይህ ላፕቶፕ 120 ኸርዝ ስክሪን አለው፤ ምስሉ በሰከንድ 120 ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ ምንም አይጨምርለትም፤ የኤክሴል ሠንጠረዥ በ60 ኸርዝም ያው ነው። ከዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ወደ 60 ማውረድ ቀላልና የማይጎዳ ቁጠባ ነው። የብርሃኑ ጉዳይ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የኮንዶሚኒየም ሳሎን መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ የቀትር ፀሐይም ኃይለኛ ነው፤ ፊትን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባን ወደ መስኮት አድርጎ የሚቀመጥ ሰው ነጸብራቁን ለማሸነፍ ብርሃኑን እስከ ጥግ ይጨምራል፣ ያ ጭማሪ ብቻውንም ሁለት ዋትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ጠረጴዛውን አዙሮ መስኮቱን በጎን ማድረግ ከማንኛውም ሴቲንግ የበለጠ ሰዓት ሰጥቶኛል። በየቴሌግራም ቻናሉ የሚዞረው «ዳርክ ሞድ አድርጉ፣ ባትሪ ይቆጥባል» የሚለው ምክር ግን ለዚህ ላፕቶፕ አይሠራም። ምክሩ የሚሠራው እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ለሚበራበት፣ ጥቁር ሲያሳይም ለሚጠፋበት ለኦሌድ ስክሪን ነው፤ የዚህኛው ስክሪን አይፒኤስ ስለሆነ ጥቁሩንም ነጩንም ሲያሳይ ከኋላ የሚበራው መብራት አንድ ዓይነት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳይ የኢንተርኔት አጠቃቀማችን ነው፤ ውጭ አገር በሚጻፉ ግምገማዎች ውስጥ ሲነሣ አላየሁም። መብራት ሲጠፋ የቤት ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ዳታ የምናገኘው ከስልክ ነው። ብዙ ሰው ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኛል፣ መስመሩ ስለማይቆራረጥና ስልኩም እግረ መንገዱን ስለሚሞላ። የስልኩ መሙላት ግን ነጻ አይደለም፤ ከላፕቶፑ ባትሪ የሚቀዳ ነው። የዛሬ ስልኮች ባትሪ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ይህም ከ19 ዋት ሰዓት ያላነሰ ኃይል ነው። ባዶ የሆነን ስልክ ከላፕቶፑ መሙላት፣ በመንገድ የሚባክነው ሲታከልበት፣ የ57 ዋት ሰዓቱን ከሲሶ በላይ ይወስዳል። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን የሥራ ጊዜ በአንድ ገመድ ይሄዳል ማለት ነው። መፍትሔው ስልኩን በፓወር ባንክ ሰክቶ ላፕቶፑን በሆትስፖት ማገናኘት ነው። ስልኩን ራቅ ብሎ ኔትወርክ በሚገባበት መስኮት ላይ ማስቀመጥ የለመደ ሰው ደግሞ ላፕቶፑንም ወደዚያው ያስጠጋ፤ ዋይፋዩ ሲደክም ላፕቶፑም ያልደረሰውን መረጃ ደጋግሞ ለማስተላለፍ ተጨማሪ ኃይል ያወጣል።

ስለ ፕሮግራሞቹ ብዙ አልልም። ፒችትሪ ያረጀ ፕሮግራም ቢሆንም ባትሪ አይበላም፤ የሚበላው ብራውዘሩ ነው፣ በተለይ ማስታወቂያ የሚንቀሳቀስባቸው ገጾች ክፍት ሲቀሩ። የባትሪ ቁጠባውን መቶኛው እስኪወርድ ሳይጠብቁ መብራት እንደጠፋ ወዲያው ማብራት ይሻላል። ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ከ11ኛው ጄኔሬሽን በፊት ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ኤቪ1 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት የሚፈታ የራሳቸው ክፍል ስለሌላቸው፣ ዩቲዩብ በዚህ ዓይነት ቪዲዮውን ሲልክላቸው ሥራው በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል፣ ባትሪውም በፍጥነት ይወርዳል።

እነዚህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ አማካዩ ወደ 6 ዋት ወርዷል፤ ከ9 ሰዓት በላይ ይሠራል። 14 ሰዓት በሥራ ላይ አላየሁም፣ ወደፊትም አይታየኝም። 9 ሰዓት ግን ጠዋት የጠፋ መብራት እስከ ማታ ባይመጣ እንኳ ቀኑን ያሳልፋል፣ በዚህ ረገድ ላፕቶፑ ዋጋውን ያወጣል ባይ ነኝ።

የማልወድለት ነገር ክዳኑ ተዘግቶ ሲቀመጥ የሚያባክነው ነው። ዛሬ የሚሸጡ አብዛኞቹ ላፕቶፖች ሲዘጉ እንደ ስልክ ከፊል ነቅተው ይቆያሉ፤ ቦርሳ ውስጥ ሆነው ኢሜይል ይፈትሻሉ፣ አንዳንዴም ይግላሉ። ማታ ሙሉ የነበረ ባትሪ ጠዋት ቀንሶ ማግኘት፣ ጠዋት ደግሞ መብራት አለመኖሩ፣ የሚያበሳጭ ጥምረት ነው። ሃይበርኔት የሚባለው አማራጭ ይህን ያስቀራል፤ ሥራውን ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ማሽኑን ፈጽሞ ያጠፋዋል። ዊንዶውስ ይህን አማራጭ ከማጥፊያው ዝርዝር ውስጥ ስለማያሳየው ከኮንትሮል ፓነል ገብቶ ማውጣት ያስፈልጋል።

አምራቹ ባትሪው ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ የሚያደርግ አማራጭ ሰጥቷል። ሊቲየም ባትሪ ሁልጊዜ ሞልቶ ሲቀመጥና ሲሞቅ ቶሎ ስለሚያረጅ ምክሩ ትክክል ነው፤ የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየርም በዚህ በኩል ይረዳናል። ነገር ግን 80 በመቶ ላይ መቆም ማለት መብራት በጠፋበት ቀን ከ57 ዋት ሰዓት 46ቱን ብቻ ይዞ መጀመር ነው። በበጋ 80፣ በክረምት 100 አድርጌ እጠቀማለሁ፤ ባትሪው ትንሽ ቀድሞ ቢያረጅ፣ ሰነድ ሳላስገባ የማመሽበት ቀን ከሚበዛ እመርጣለሁ። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል ተብሎ ተጽፎበታል፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ግን በዚህ ልክ የሚወሰን ስላልሆነ መብራት እንደጠፋ ነቅሎ፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጠብቆ መሰካት ይገባል። በፓወር ባንክ መሙላት ለሚያስብ ሰው፣ ለስልክ የተሠሩት ተራዎቹ ለዚህ ላፕቶፕ አቅም የላቸውም። ፒዲ የሚባለውን፣ በዩኤስቢ ሲ ገመድ ከፍ ያለ ኃይል የሚያስተላልፈውን አሞላል የሚደግፍ፣ 45 ዋትና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ያስፈልጋል። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ 74 ዋት ሰዓት ማለት ስለሆነ፣ የሚባክነው ተቀንሶ ላፕቶፑን አንድ ጊዜ ገደማ ይሞላዋል።

ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ከሁሉ በላይ የምነግረው ግን ስለ ባትሪው መጠን ነው። ብዙ ሞዴሎች በአንድ ስም፣ በአንድ መልክ፣ ነገር ግን በሁለት የባትሪ መጠን ይሸጣሉ፤ የማስታወቂያው ሰዓት በትልቁ የተለካ ሆኖ ሳለ መደርደሪያው ላይ ያለው ትንሹ ሊሆን ይችላል። 42 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ6 ዋት አጠቃቀም 7 ሰዓት ብቻ ይሠራል፣ በ57ቱ ፈንታ ሲወሰድ የሁለት ሰዓት ተኩል ልዩነት አለው። ይህን ለማወቅ ሻጩን ማመን አያስፈልግም። ገንዘብ ከመክፈል በፊት የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያው ተከፍቶ «ፓወር ሲኤፍጂ ባትሪ ሪፖርት» የሚባለው ትእዛዝ (powercfg /batteryreport) ይሰጥ፤ በሚወጣው ገጽ ላይ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም፣ አሁን ሲሞላ የሚይዘው አቅምና የተሞላበት ዙር ብዛት ተጽፎ ይገኛል። አቅሙ በሚሊዋት ሰዓት ስለሚጻፍ 57 ዋት ሰዓት 57,000 ሆኖ ይታያል። አዲስ በተባለ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱ አቅሞች ሊቀራረቡ፣ የዙሩም ቁጥር እጅግ አነስተኛ ሊሆን ይገባል። «ስላይትሊ ዩዝድ» (በጥቂቱ ያገለገሉ) በሚባሉት ላይ ደግሞ ይህ ገጽ ሳይታይ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም። ዋስትናውም ባትሪውን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይታይ፤ የእኔ ወረቀት ላፕቶፑን ለአንድ ዓመት፣ ባትሪውንና ቻርጀሩን ግን ለሦስት ወር ብቻ ይሸፍናል፣ ይህንንም ያገኘሁት ከማኅተሙ በታች ነው።