ድዋርፍ ፕሪስት ይዤ 8 ወር፦ ሬስና ክላስ መምረጥ ለከበዳችሁ

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ የሚባለውን የኦንላይን ጌም ከጀመርኩ 8 ወር ሞላኝ። ስለ ጌሙ ብዙ ተብሏል፣ እኔ ማውራት የምፈልገው ግን ገና ስትገቡ ስለሚመጣው ስክሪን ብቻ ነው። 8 ሬስ (የገጸ ባህሪያችሁ ዘር) አለ፣ 9 ክላስ (የሚሠራው ሙያ) አለ። በ5 ደቂቃ የመረጣችሁት ነገር ለወራት አብሯችሁ ይኖራል።

እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት በመልክ ነው። ሬሱ ናይት ኤልፍ፣ ክላሱ ዋርየር፣ ማለትም ተዋጊ። ረጅም፣ ጆሮው ሹል፣ ትልቅ ሰይፍ የያዘ። ሲያዩት ያምራል። ግን ዋርየር ብቻውን ሲሆን መከራ ነው፤ ራሱን ማከም አይችልም፣ አንድ ጭራቅ ገድሎ ቁጭ ብሎ ዳቦ ይበላል፣ ተነስቶ ሌላ ይገድላል፣ እንደገና ዳቦ። ሁለት አንድ ላይ ከመጡበት አለቀለት። ሌቭል 22 ላይ ተውኩት። ክላሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ከኋላው የሚያክመው ሰው ካለው ዋርየርን የሚያህል የለም። እኔ ግን ከሥራ ገብቼ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው የምጫወተው፣ አብዛኛውን ጊዜም ብቻዬን ነኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሬሱን በሁለት ቀን ትለምዱታላችሁ። ክላሱ ግን እጃችሁ በየምሽቱ የሚሠራው ሥራ ነው፣ እሱን ካልወደዳችሁት የትኛውም ቆንጆ ፊት አያቆያችሁም።

ሁለተኛው ምርጫዬ በአስማት የሚያክመውና የሚዋጋው ክላስ፣ ፕሪስት ሆነ። ደካማ ይመስላል፣ ጨርቅ ነው የሚለብሰው። ነገር ግን ብቻውን ሲጫወት ከዋርየሩ በጣም ይሻላል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ራሴ ላይ ጋሻ አደርጋለሁ፣ ማይንድ ብላስት የሚባለውን የጥቃት አስማት እለቃለሁ፣ ቀስ እያለ የሚጎዳውን ሻዶው ወርድ ፔይን አስከትላለሁ፣ ከዚያ በኋላ አስማት አቁሜ በዋንድ (በአስማት በትር) ብቻ እስኪሞት እመታዋለሁ። ለምን? ማና (አስማት የሚበላው ጉልበት) መልሶ መሙላት የሚጀምረው የመጨረሻውን አስማት ከተጠቀማችሁ 5 ሰከንድ በኋላ ስለሆነ ነው። ዋንድ ደግሞ ማና አይበላም። ስፒሪት ታፕ የሚባለውን ታለንት (ሌቭል ሲያድግ የሚመረጥ ተጨማሪ ችሎታ) ከያዛችሁማ አንዱን በገደላችሁ ቁጥር ለ15 ሰከንድ ስፒሪታችሁ (ማና የሚሞላበትን ፍጥነት የሚወስነው ነጥብ) እጥፍ ይሆናል፣ ማና ለመሙላት ውሃ ሊጠጡ መቀመጥ ይቀራል ማለት ይቻላል። በ4 ወር የመጨረሻው ሌቭል፣ 60 ገባሁ።

ሬሱ ላይ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ወዲያ ወዲህ ብያለሁ። ሂውማን ስፒሪቱን በ5 በመቶ ከፍ ያደርግለታል፣ ለፕሪስት ይህ ቀላል አይደለም። ድዋርፍ ደግሞ ስቶንፎርም አለው፣ መርዝና በሽታን ያጠፋል፣ ደም መፍሰስም ያቆማል። ከሁሉም በላይ ግን ክላሲክ ላይ ፊር ዋርድ የሚባለው ከፍርሃት የሚጠብቅ አስማት ያለው ድዋርፍ ፕሪስት ብቻ ነው። ሌቭል 20 ላይ ይገኛል። የሰጣችሁት ሰው ላይ ቀጥሎ የሚመጣው ማስፈራሪያ አይሠራም፣ ያው ነው ሥራው።

ወረቀት ላይ ትንሽ ነገር ነው። ትልቅነቱ የገባኝ ኦኒክሲያ የምትባለው ዘንዶ ዘንድ ስንገባ ነው። 40 ሰው ነን። ዘንዶዋ ጤናዋ 40 በመቶ ሲቀር ከአየር ወርዳ መሬት ትይዝና መጮህ ትጀምራለች፣ በጮኸች ቁጥር ሁሉም ሰው ደንብሮ ይበተናል። የእኔ ድርሻ በየ30 ሰከንዱ ፊር ዋርዱን ታንኩ (ዘንዶዋን ፊት ለፊት የሚመክተው ዋርየር) ላይ ማድረግ ነበር። የመጀመሪያው ምሽት ተጣድፌ ከታንኩ አጠገብ የነበረ ሌላ ሰው ላይ አደረግኩት። ጮኸች፣ ታንኩ ሮጠ፣ እሷም ተከትላው ዞረች፣ እሳቱ እኛ ላይ ወረደ። አለቅን። በሁለተኛው ሙከራ ስሙን ብቻ እያየሁ ሰጠሁት። ጮኸች፣ 39 ሰው ሲበተን እሱ ብቻ ጋሻውን ይዞ ፊቷ ቆሞ ቀረ። ያንን ሳይ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ዋርየሩ ራሱ በርሰርከር ሬጅ ተጠቅሞ ፍርሃቱን ማለፍ ይችላል፣ ግን ጊዜውን መጠበቅ አለበት። ሆርድ (ከጌሙ ሁለት ተቃራኒ ጎራዎች አንዱ) የሆናችሁ ደግሞ ፍርሃትን የሚያስለቅቀው የሻማን ክላስ ትሬመር ቶተም አላችሁ። ከክላሲክ በኋላ በመጡት ቨርዥኖች ላይም ፊር ዋርድ ለሁሉም ፕሪስት ስለተሰጠ፣ እዚያ የምትጫወቱ ከሆነ ለዚህ ብላችሁ ድዋርፍ አትምረጡ።

ያልወደድኩት? ሂለር (አካሚ) ስትሆኑ የምታዩት ዘንዶዋን ሳይሆን የ40 ሰው የጤና መስመር ነው። ሦስት ጊዜ ገድለናታል፣ ስትወድቅ በደንብ ያየኋት በሦስተኛው ነው። ለሂል የተስተካከለ ፕሪስት ብቻውን ወርቅ ለመሰብሰብ ይንቀራፈፋል፣ ታለንት መቀየር ደግሞ ከ1 ጎልድ ይጀምርና እየጨመረ 50 ይደርሳል። እኔ 50 ላይ ነኝ፣ ያማል። በሌላ በኩል ግን ለደንጀን (በቡድን የሚገባ የጭራቆች ቦታ) ቡድን ፈልጌ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ጠብቄ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ደውሎ "የቱን ልምረጥ?" አለኝ። "ሁለት ሦስቱን እስከ ሌቭል 10 አድርሰህ ሞክራቸው፣ ታለንት የሚጀምረው እዚያ ነው፣ ከዚያ እጅህ የወደደውን ያዝ" አልኩት። ታውረን (የበሬ መልክ ያለው ሬስ) ድሩይድ (ወደ እንስሳ የሚቀየር ክላስ) ወደደ፤ 10 ላይ ድብ መሆን ሲችል ጊዜ በቃ ሌላ አልፈልግም አለ። ታውረን ደግሞ ሆርድ ነው፣ እኔ ተቃራኒው ጎራ አሊያንስ፣ አብረን መጫወት ቀርቶ ቻት እንኳን አንግባባም። ስለዚህ ከ1 ጀምሬ ትሮል ፕሪስት ከፍቻለሁ። እኔ ዱሮታር በሚባለው የጌሙ መነሻ ቦታ ነኝ፣ እሱ ሙልጎር በሚባለው፣ ቅዳሜ ማታ ባረንስ በሚባለው አካባቢ ክሮስሮድስ ላይ ልንገናኝ ተቀጣጥረናል።