ፍሊት ወይስ የሳሙና ውሃ?

ፍሊት ፈጣን ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነፍተው በሩን ሲዘጉ በረሮው ይገለበጣል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ፍሊቶች ውስጥ ፓይረትሮይድ የሚባሉ፣ የነፍሳትን ነርቭ የሚያጠቁ ኬሚካሎች አሉ። ፀሐይ በማይደርስበት ምንጣፍና ጥግ ላይ ለሳምንታት ሊቆዩ ይችላሉ። ወለል ላይ የሚድህ ሕፃን ደግሞ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ብናኙ አስም ሊቀሰቅስም ይችላል። ድመት ያላችሁ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ጉበቷ ፐርሜትሪን የተባለውን ፓይረትሮይድ በደንብ ስለማያስወግድ ልትሞት ትችላለች።

የሳሙና ውሃ ቀርፋፋ ነው። ነፍሳቱን በቀጥታ ካላገኛቸው አይሠራም። ሲያገኛቸው ግን መተንፈሻ ቀዳዳቸውን ይደፍናል። ጉንዳኖች የሚሰለፉበትን መስመር ሲጠርጉበትም የሚከተሉት ሽታ ይጠፋል። ስንጥቅ ካልደፈናችሁና ፍርፋሪ ካሳደራችሁ ግን ትርፉ ልፋት ነው።

ልጅ ባለበት ቤት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የግድ ፍሊት ካስፈለገ ምግቡን አንሱ፣ ሁላችሁም ውጡ፣ ከዚያ መስኮት ከፍታችሁ በደንብ አናፍሱ። “ተፈጥሯዊ” የተባለውን ሁሉም አትመኑ፤ ከተክል የሚወጣው የቲ ትሪ ዘይትም ድመትን ይመርዛል። ለወባ ትንኝ ደግሞ የሳሙና ውሃ መላ አይሆንም፤ አጎበር ስቀሉ።