ያገለገለ ራቭ ፎር፣ ግራንድ ቪታራ ወይስ ቱሳን፦ የትኛው ምኑን ይታመማል?

በደላላ አፍ ሦስቱም አንድ ናቸው፦ «ሴት የያዘቻት፣ ጋራዥ የማታውቅ፣ ነዳጅ ሞልተህ ብቻ የምትነዳት»። ኮፋኖው ሲከፈት ግን ሦስት የተለያዩ መኪኖች ናቸው፤ በሽታቸውም የተለያየ ነው። ቱሳን ላይ የሚጠየቀውን ጥያቄ ራቭ ፎር ላይ መጠየቅ ድካም ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገዥው የሚመርጠው ቀድሞ ከገባው ውስጥ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት ከ2001 እስከ 2005 እና ከ2006 እስከ 2012 የተሠሩት ራቭ ፎሮች፣ ከ2005 ወዲህ ያለው ግራንድ ቪታራ፣ ከ2004 እስከ 2009 ያለው የመጀመሪያው ቱሳንና ከ2010 ወዲህ የመጣው ተከታዩ ናቸው። (የሞዴል ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። በዚህ ዕድሜ ከስሙ ይልቅ አያያዙ ይበልጣል፤ ሆኖም የእያንዳንዱን ደካማ ጎን አውቆ የሄደ ሰው ግማሹን ሥራ ቤቱ ጨርሷል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ውሎው ከተማና አስፋልት ለሆነ ሰው ጤነኛ ባለ 2.0 ራቭ ፎር ይሻላል። ክረምት ከበጋ ጭቃና ድንጋያማ መንገድ የሚወጣ ሰው ቪታራን ይውሰድ። ብሩ ውስን የሆነና ጥገናውን በሰዓቱ የሚያደርግ ሰው ቱሳን አያሳፍረውም። በስሙ ውድ የሆነ ግን የተንገላታ ራቭ ፎር ከመግዛት በደንብ የተያዘ ቱሳን መግዛት ይመረጣል፤ ብዙ ገዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሞተር

የራቭ ፎር 2.0 እና 2.4 ሞተሮች (1ኤዜድ እና 2ኤዜድ የሚባሉት) ጠንካራ ናቸው፤ አንድ የታወቀ ድክመት ግን አላቸው። ሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ ዋና አካል) አልሙኒየም ነው። ቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን ክፍል) የሚይዙት ብሎኖች የሚገቡበት ጥርስ፣ በተለይ በጋቢናው በኩል ያለው፣ ሞተሩ ደጋግሞ ሲሞቅ እየላላ ይነቀላል። ብሎኑ መጥበቅ ሲያቅተው ቴስታታው በጥቂቱ ይነሳል፤ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በሁለቱ መካከል ባለው ማሸጊያ፣ በጓርኒሲዮኑ፣ ጠርዝ ያልባል። ምልክቱ ከሞተሩ ጀርባ ቴስታታና ሞኖብሎክ በሚገናኙበት መስመር ላይ የደረቀ ሮዝ ወይም ነጭ ቅርፊት ነው። ከላይ ሲታይ አይገኝም፤ የስልክ መብራትና ትንሽ መስታወት ይዞ ማጎንበስ ያስፈልጋል። ሻጩ «ቴስታታው ተሠርቷል» ካለ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ጥርሱ ተቦርቡሮ የብረት ቡሽ ገብቶለታል ወይስ ጓርኒሲዮን ብቻ ተቀየረ? ጓርኒሲዮን ብቻ ከሆነ ብሎኑ የሚይዘው ስለሌለ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ይመለሳል።

ሁለተኛው ነገር ዘይት መብላት ነው። ከ2006 ወዲህ ባሉት ባለ 2.4 ራቭ ፎሮች ላይ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) በካርቦን ይያያዝና ዘይት ወደ ሲሊንደር ያልፋል። ቶዮታ ራሱ በአሜሪካ ያወጣው መለኪያ በ1,900 ኪሎ ሜትር ከ0.95 ሊትር በላይ መብላት ከልክ ያለፈ ነው ይላል። በግማሽ ሰዓት ሙከራ ይህን መለካት አይቻልም፤ ሁለት ጥቆማዎች ግን አሉ። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ወርዶ ታች ሲደረስ ሲረገጥ በስፖኪዮ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ ዘይት እየገባ ነው። ሁለተኛው የጭስ ማውጫው ጫፍ ነው፤ ጣት ሲገባበት ደረቅ ጥላሸት ሳይሆን ቅባት ያለው ጥቁር ነገር ከያዘ ጥያቄ አለ። የድሮው 1.8 ሞተርም ዘይት በመብላት ይታማል።

ቪታራ 2.0 ታይሚንጉ (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው) በካቴና፣ ማለትም በብረት ሰንሰለት ነው፤ ያውም ሁለት ካቴና፣ የታችና የላይ። የካቴናው መወጠሪያ የሚሠራው በዘይት ግፊት ስለሆነ ዘይቱ ከጊዜው ያለፈበት ሞተር ካቴናው ይላላል፣ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክም ይበላል። ስለዚህ ቪታራ የሚፈተነው በጠዋት፣ ሌሊቱን ቆሞ ባደረ ሞተር ነው። ሲነሳ ለአንድ ሁለት ሰከንድ መንኳኳቱ ችግር የለውም። ከዚያ አልፎ ከሞተሩ የፊት ሽፋን ውስጥ የብረት ሰንሰለት የሚጎተት ዓይነት ድምፅ ከቀጠለ የሚቀየረው ካቴናው፣ መወጠሪያው፣ መንሸራተቻውና ጊርሶቹ አንድ ላይ ናቸው። ሻጩ ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩን አስነስቶ ካሞቀው ኮፋኖውን በእጅ ንኩ፤ ከሞቀ ቀጠሮውን ለነገ አዛውሩት። ይህቺ ትንሽ ነገር ከብዙ ኪሳራ ታድናለች።

የመጀመሪያው ቱሳን 2.0 ከሦስቱ ለየት የሚለው ታይሚንጉ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) በመሆኑ ነው። ቺንጋው በ90,000 እና በ100,000 ኪሎ ሜትር መካከል ከነመወጠሪያው መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ፣ ይጣመማሉ፤ ያኔ ቴስታታ ማውረድ ግድ ነው። «ተቀይሯል» የሚል ቃል ዋጋ የለውም። የጋራዥ ደረሰኝ ወይም በሽፋኑ ላይ የተጻፈ ኪሎ ሜትር ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ወጪውን ከዋጋው አስቀንሱ፤ በገዛችሁ ሳምንት አስቀይሩት። ከ2010 ወዲህ ያለው ቱሳን ካቴና ነው፤ የእሱ ሕመም የሲሊንደር ግድግዳ መፋቅ ነው። እንደ ቫልቭ ድምፅ የሚመስል፣ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ንኳታ ከሰማችሁ ካንዴላውን አስወልቃችሁ በቀዳዳው ትንሿን ካሜራ አስገቡ። ካሜራው ያላቸው ጋራዦች እየበዙ ነው። በግድግዳው ላይ ቁልቁል የተጫሩ መስመሮች ከታዩ ሞተሩ ይወርዳል ማለት ነው።

ካምቢዮና ፎር ዊል

ከ2001 እስከ 2003 ያሉ የአሜሪካ ኦቶማቲክ ራቭ ፎሮች ላይ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ሲቀይር የሚመታ ካምቢዮ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው ከካምቢዮው ሳይሆን ከሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ ቶዮታም በዚህ ምክንያት የኮምፒውተሩን ዋስትና አራዝሞ ነበር። ኮምፒውተሩ ቀደም ብሎ ከተጠገነ ካምቢዮው ይተርፋል። እየመታ ለወራት የተነዳ ከሆነ ግን ካምቢዮው ውስጡ ተበልቷል፤ ሁለቱንም መክፈል ነው። መኪናው ከሞቀ በኋላ በቀስታ ነድቶ ማዳመጥ በቂ ነው፤ በፍጥነት ሲነዳ ምቱ ይሸፈናል።

ፎር ዊሉ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ራቭ ፎርና ቱሳን በመሠረቱ በፊት ጎማ የሚነዱ መኪኖች ናቸው፤ ከ2006 ወዲህ ያለው ራቭ ፎርና ቱሳን የኋላውን የሚያግዙት በኤሌክትሪክ በሚያዝ ማያያዣ ነው። ማያያዣውን የሚቆልፈው የሎክ ቁልፍ ራቭ ፎር ላይ ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ ራሱ ይለቃል። ከጭቃ ለመውጣት ይረዳል፤ ዳገት ላይ ድንጋይ ለመውጣት አልተሠራም። ቪታራ ግን ሞተሩ ቁመቱን የተቀመጠ፣ ሻንሲው ከቦዲው ጋር የተዋሐደ፣ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚነዳ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል የመሃል ዲፈረንሻልና ከባድ ማርሽ ያለው መኪና ነው። ከባዱ ማርሽ ኃይሉን ሁለት እጥፍ ገደማ ያበዛዋል። ዋጋው ነዳጅ ነው፤ ከሦስቱ የሚበልጥ ጠጪ እሱ ነው።

ሁሉም ቪታራ ይህን የያዘ እንዳይመስላችሁ። ዳሽቦርዱ ላይ የሚዞረው ማብሪያ መኖሩን እዩ። አንዳንዶቹ ከባድ ማርሽ የላቸውም፣ አንዳንዶቹ የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዱ ናቸው። ካለ ደግሞ መኪናው ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ ማርሹ ኤን ላይ ሆኖ ወደ ከባዱ አዙሩት። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከቀረ ወይ የሚቀይረው ሞተሪኖ ወይ ሽቦው ችግር አለው። ከዚያ በ50 እና በ80 ኪሎ ሜትር መካከል ሬዲዮ አጥፍታችሁ ከፊት የሚመጣ ጩኸት አዳምጡ፤ ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ድምፁ ከተለወጠ የፊት ዲፈረንሻል ኩሽኔታ ነው። ቪታራን የገዙ ሰዎች በጣም የሚያማርሩት በዚህ ነው።

በሦስቱም ላይ ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በቀስታ ክብ ሥሩ። ከጎማ በኩል ቀ፞ጭ ቀ፞ጭ ካለ ሲቪ ጆይንት (ኃይልን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ) ነው። ሎኩን አብርታችሁ ደረቅ አስፋልት ላይ ይህን አታድርጉ፤ ደህናውንም ታበላሻላችሁ። አራቱ ጎማዎች ደግሞ ልካቸውም አበላላቸውም አንድ መሆን አለበት። ሁለት አዲስና ሁለት ያረጀ ጎማ ያለው ፎር ዊል ማያያዣውን ወይም ዲፈረንሻሉን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። የጎማው ዕድሜ በጎኑ ባሉት አራት አሃዞች ይታወቃል፤ 3518 ማለት የ2018 35ኛ ሳምንት።

ከፍታው

አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከኃይሉ ከአምስት አንዱን ያህል እዚህ የለውም። ባለ 1.6 ቪታራ በወረቀት 106 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ሰው ሞልቶ እንጦጦ ሲወጣ ያንን አትጠብቁ። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኩላንቱ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ስለዚህ ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ሌላ ቦታ ትንሽ ጉድለት ሲሆን እዚህ ሞተር ያስቀቅላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክፈቱና ጎማውን እዩት። ውስጡ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ብቻ ከሆነ የኩላንት ፊት አያውቅም።

የሲሊንደር ግፊት ሲለካ የመጽሐፉን ቁጥር አትፈልጉ፤ በከፍታው ምክንያት ሁሉም ዝቅ ይላል። የሚታየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር በላይ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ።

ስካነር፣ ላሜራ፣ ወረቀት

የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነብ ስካነር ሲሰካ «ኮድ የለም» ማለት ብቻውን አያስደስትም። ጧት የተሰረዘ ኮምፒውተር የራሱን ፍተሻ ገና አልጨረሰም፤ ያንን ስካነሩ ያሳያል። ፍተሻዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ወይ አንድ ሰው በቅርቡ ኮዱን አጥፍቶታል ወይ ባትሪው ተነቅሎ ነበር። የኤርባግ መብራትም ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሹን የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ተነቅሏል።

ራቭ ፎርና ቪታራ ስፔር ጎማቸውን የኋላ በር ላይ ይሸከማሉ። በሩን ግማሽ ከፍታችሁ ጫፉን በእጅ ወደ ላይ አንሱት፤ ከተንቀሳቀሰ ማጠፊያው ተበልቷል፣ ዝናብና አቧራም በዚያ ይገባል። ለስቱኮ በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይበቃል፤ የማይዝበት ቦታ ከሥሩ የተሞላ ነው። የፓራፋንጎና የኮፋኖ ብሎኖች ቀለማቸው ከተላጠ ተፈትተው ያውቃሉ። ከአውሮፓ የመጣ መኪና ሥሩ በጨው ይዝጋል፣ ከገልፍ የመጣው ጎማና ፕላስቲኩ በፀሐይ ይደርቃል፣ ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ ተጋጭቶ የተሸጠ ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ ነው፤ በአሜሪካ ገበያ ለተሸጠ መኪና አሥረኛው ምልክት የሞዴል ዓመቱን ይናገራል (1 ማለት 2001፣ 9 ማለት 2009)። ለገልፍና ለአውሮፓ የተሠሩት ላይ ይህ ሁልጊዜ አይሠራም።

ወረቀቱ ላይ አጭር እንሁን። የሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር በአሃዝ መግጠም አለበት፤ ሞተር የተቀየረ ከሆነ በሊብሬው መመዝገቡን እዩ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። የባንክ ዕዳና እገዳ ከመንገድ ትራንስፖርት ይጣራል። ሻጩ በውክልና ከመጣ ውክልናው የመሸጥ ሥልጣን ያለውና ያልተሻረ መሆኑ ከውልና ማስረጃ ይረጋገጥ። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይፈርማል፤ ካልሆነ ያላገባ ማስረጃ ያቅርብ። ቀብድ ከዚህ ሁሉ በፊት አይሰጥም።

የሙከራውን መንገድ ራሳችሁ ምረጡ። ሻጩ ቀለበት መንገድ ይወዳል፤ እናንተ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይዛችሁት ውጡ። ላይ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ አምስት ደቂቃ አቁሙትና የሙቀት መርፌውን እዩ፤ ከመሃል ከፍ ካለ፣ ወይም የኤሌክትሪክ ማራገቢያው በርቶ የማይጠፋ ከሆነ፣ ወደ ታች ስትወርዱ የምታወሩት ስለ ዋጋ ቅናሽ ሳይሆን ስለ ሌላ መኪና ነው።